ለየትኛው ስቅለት?

ለንደን፣ ዊልስደን ስኖር ከእኔ ሥር ባለው ፍላት ውስጥ አንዲት አየርላንዳዊት አሮጊት ይኖሩ ነበር። እማማ እላቸዋለሁ። በሬን የሚያንኳኳልኝ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። የአየርላንድ ታጣቂዎች ለንደን ውስጥ ቦምብ ባፈነዱ ቁጥር አውቶቡስ ላይ አነጋገራቸውን የሰማ ሁሉ ፊቱን ያዞርባቸው ስለነበር፣ "ከቤት ስወጣ አፌን መዝጋት ለመድኩ፣ ልጄ" ብለውኛል።

በፈረንጆቹ ዘጠና ስምንት የእሳቸው ስቅለት ከእኛ በሳምንት ቀደመ። እኔ ገና ሆሣዕናን እየጠበቅሁ ነው። የዚያን ዕለት አርብ አመሻሹ ላይ ከሥራ ስገባ ደረጃው ሥር ቆመው አገኘኋቸው። ቴሌቪዥናቸው ከውስጥ ስለ ሰሜን አየርላንድ የሰላም ድርድር ይጮኻል።

"ተስማሙ! ቤልፋስት ላይ ተስማሙ! ወንድሜ ደውሎ እንደ ሕፃን አለቀሰልኝ!" አሉና እጃቸውን ዘርግተው መጡ።

ወደ ኋላ አፈገፈግሁ።

በእኛ በሰሞነ ሕማማት መሳሳም የለ፣ መጨባበጥ የለ፤ ይሁዳ ጌታን ስሞ አሳልፎ የሰጠበት ነው። ስቅለቱ የእሳቸው እንጂ የእኔ አልነበረም፤ ግን እኔ ስሜያቸው እሳቸውን ኃጢአት ውስጥ ባስገባስ? ደግሞስ እንደምን ዋላችሁ እንኳ በማይባባሉበት ቀን ሰው እንዴት ይታረቃል? ሁሉም ነገር ዞረብኝ።

ፊታቸው ጠቆረ። "አንቺም ትፈሪኛለሽ?"

"ኧረ በስመ አብ! እማማ፣ ዛሬ ለእርስዎ ስቅለት አይደለም እንዴ?"

"ነው። እና?"

"ታዲያ እንዴት እንሳሳማለን? ይሁዳ እኮ..."

አፍጥጠው አዩኝ። "ይሁዳን ደግሞ ዊልስደን ምን አመጣው?" ብለው እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ። "የእናንተ መቼ ነው?"

"የሚመጣው አርብ።"

"እንግዲያው የእኔ አይከለክልም፣ ያንቺም አልደረሰ። ነይ!"

ጉንጫቸውን አገላብጬ ሳምኳቸው። ቤቴ ገብቼ ግን ልቤ አላረፈም። ለየትኛው ስቅለት እንደምጸልይ ግራ ገብቶኝ፣ ዝም ብዬ ለቤልፋስት አባታችን ሆይ ደገምኩ።

በሳምንቱ አርብ ነጠላዬን ተከናንቤ ለስግደት ስወርድ እማማ በራቸው ላይ ነበሩ። እንደ ልማዳቸው አንድ እርምጃ ወደ እኔ መጡና ቀጥ አሉ። ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ያዙ።

"እሁድ" አሉኝ፣ ቀስ ብለው።