ጃኬት የለበሰው ስቶሬጅ

ፎቶ ቤቱ ውስጥ «ነርሷ» ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣላት ፎቶ አንሺው ታላቅ ወንድሟ ነው። ጓዳ ተቀምጣ ፎቶ ታስተካክላለች፤ ስቶሬጁን መጠበቅም የእሷ ሥራ ነው። አራት ዲስክ የጎረሰ፣ ከቤቱ ኮምፒውተሮች ሁሉ ጋር በኔትወርክ የተያያዘ ጥቁር ሳጥን ነው፤ የደንበኛው ፎቶ ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ጠዋት ስትገባ ከሰው በፊት የእሱን ጤና ታያለች፤ ዲስኮቹ እንዴት አደሩ? ሙቀቱስ?

አንዱ ዲስክ መታመም ሲጀምር ለወንድሟ ነገረችው።

«ጋሼ፣ ይኼ ዲስክ አይቆይም። ይቀየር።»

«ይሠራል አይደል?»

«ለጊዜው ይሠራል።»

«ታዲያ ሰው ሳይሞት መቃብር ትቆፍሪያለሽ እንዴ?»

ደጋግማ ነገረችው። አፏ ደረቀ እንጂ ጠብ ያለ ነገር የለም።

እናቷን ዓይን ሐኪም ቤት በወሰደችበት ቀን፣ ወረፋ ይዘው ሳሉ ስልኳ ላይ ከሳጥኑ መልእክት ገባ፤ ዲስኩ ሞቷል። ጥቂት ቆይቶ ሌላ መጣ፤ የሳጥኑ ሙቀት እየጨመረ ነው። ደወለች።

«ጋሼ፣ ሳጥኑ አይጮህም?»

«ሲጮህ ነበር፤ አሁን ዝም ብሏል።»

«ነካክተኸዋል?»

«ኧረ እኔ ምን አውቄ።»

ሦስተኛው መልእክት ገባ። እናቷ ፊቷን አይተው «ሂጂ እንጂ፤ እኔን ያመመኝ ዓይኔ ነው፣ እግሬ አይደለም» አሏት።

ስትደርስ ሳጥኑ የወንድሟን ወፍራም ጃኬት ለብሶ፣ ዚፑ እስከ ላይ ተዘግቶ አገኘችው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ሕፃን እያነሳሁ ነበር። በጩኸቱ እየደነገጠ አስቸገረኝ።»

ጃኬቱን ገፈፈች፤ ሳጥኑ እንደ ምጣድ ግሏል። አጥፍታ አቀዘቀዘችው፤ አዲስ ዲስክ አስመጥታ ከተተች።

«አሁን ሦስቱ ተባብረው የሟቹን ድርሻ አዲሱ ላይ ይጽፉለታል» አለችው። «ያን ሳይጨርሱ አንዱ ቢከተለው ሁሉም ፎቶ ይጠፋል።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ መከራዋ በዛ። ዞር ባለች ቁጥር «ዳነ?» ይላታል፤ «ገና» ስትለው ሳጥኑን ጎንበስ ብሎ ያዳምጣል፤ አንዴ እንዲያውም ይነፋፈስ ብሎ ከቦታው ሊያነሳው ሲል እጁን ያዘችው። በማግስቱ ከሰዓት ዲስኮቹ ጽፈው ጨረሱ። ምንም አልጠፋም።

ሰሞኑን ለአንዲት ደንበኛ «እኔ ጋ ፎቶ አይጠፋም፤ የሳጥኑን ጤና ዓይናችንን ሳንነቅል ነው የምንከታተለው» ሲል ሰማችው። ደንበኛዋ ስትወጣ የእናታቸውን አዲስ የሐኪም ቀጠሮ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

«እማዬን የምትወስዳት አንተ ነህ። እኔ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልልም።»

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።