የሰርገኞቹ ሳንቡክ

ባለፈው ሳምንት ወደ ጥርስ ሐኪም ስሄድ አሮራ ከተማ ውስጥ በቻምበርስ ሮድ አለፍኩ። ድሮ ከዘሃራ ጋር የኖርኩበት አፓርትማ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ እያለ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለችውን መስኮት ስመለከት፣ ከኋላዬ ያለው ሹፌር ጥሩምባውን ነፋብኝ። ምን ላድርግ? እዚያች ቤት ውስጥ አንድ የመጋቢት ቀን የሆነውን ባስታወስኩ ቁጥር ልቤ ትዘላለች።

ጊዜው ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው፤ ገና ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ዘሃራና አባቷ አባባ ኑሩ ከአሰብ ተነስተው በጅቡቲ በኩል የመጡ ናቸው፤ እኔ ከአፓርትማቸው አንዷን ክፍል ተከራይቼ ነበር። የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ ባሕር አይቼ አላውቅም። ዘሃራ ቅዳሜ ቅዳሜ ዓሣ ለሁለት ሰንጥቃ፣ በርበሬና ከሙን ቀብታ ኦቨን ውስጥ ትከትና፣ ቤቱ በዓሣው ሽታ ሲሞላ ስለ አሰብ ታወራልኛለች። የምታወራው ግን አባቷ ለሶላት ሲወጡ ብቻ ነው። እሳቸው ባሉበት የባሕር ወሬ አይነሳም።

ከሁሉ የወደድኩት የሰርገኞቹን ሳንቡክ ታሪክ ነው። ሸራ የወጠረች የእንጨት ጀልባ ሙሽራና ሚዜ፣ ከበሮና እልልታ ጭና ወደ ደሴት ስትሻገር ማዕበል ተነሳ። ናኾዳው፣ የሳንቡክ አዛዥ በዚያ አገር እንዲህ ነው የሚባለው፣ ሰዉን ጥሎ ሸሸ። እንጨት ላይ ተንጠልጥሎ የተረፈ አንድ መንገደኛ «ዋኝቶ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ። ከዚያ ወዲህ ነፋስ ሲነሳ የሰርጉ ከበሮ ከባሕሩ ላይ ይሰማል፤ ዓሣ አጥማጆችም ድምፁን ሲሰሙ መረባቸውን ሰብስበው ይመለሳሉ።

ናኾዳው አያቷ መሆኑን ዘሃራ የነገረችኝ ብዙ ቆይታ ነው። አባባ ኑሩ «የከሃዲው ልጅ» እየተባሉ ነው ያደጉት። እናታቸው ገበያ ስትወጣ ሴቶቹ ፊታቸውን ያዞሩባት ነበር። ሰው ባሕርን ከስሶ አይረታም፤ ስለዚህ የሚከሰስ ሰው ይፈልጋል።

በዚያን ጊዜ እንግልውድ ከተማ ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራ ነበር። አብረውኝ የሚሠሩት እትዬ መዲና በሃምሳዎቹ ውስጥ ያሉ፣ ድሬዳዋ ያደጉ ሳቂታ ሴት ነበሩ። ጠዋት የጣለውን በረዶ የከሰዓት ፀሐይ እያቀለጠው ሳለ፣ ብሬክ ላይ ምሳ እየበላን ያን ታሪክ አወራሁላቸው። የማንንም ስም አልጠራሁም። ግን አሳምሬ ነው ያወራሁት፤ ከበሮውን ሳይቀር ጠረጴዛው ላይ መታሁላቸው።

እትዬ መዲና ሹካቸውን አስቀመጡ።

«ምን ሰርግ?» አሉ። «ሰርግ አልነበረም። ሽንኩርትና ፍየል ነው የጫንነው።»

«የጫንነው?»

«እኔም ነበርኩባት፣ ልጄ።»

ትንሽ ልጅ ሳሉ ከእናታቸው ጋር ተሳፍረው ነበር። ሳንቡኳ ስትገለበጥ ናኾዳው የራሳቸውን ጥምጣም ፈትተው በእሱ ባዶ የውሃ በርሜል ላይ አሰሯቸው። «‹በርሜሉን ምቺው› አሉኝ። ‹ሰው እስኪሰማሽ ምቺው፣ እንዳታቆሚ።› መታሁ። ዓሣ አጥማጆች ያን ሰምተው መጥተው አወጡኝ። ከበሮ የምትይው እኔ ነኝ።»

እናታቸው አልተገኙም። አጎታቸው ወዲያው ድሬዳዋ ወሰዷቸው። አሰብ ላይ ምን እንደሚወራ አልሰሙም፤ ያን ቀን ምን እንደሆነ የጠየቃቸውም የለም።

ሥራ ስንጨርስ የናኾዳው ልጅ አሮራ እንዳሉ ነገርኳቸውና አሮጌዋ ቶዮታዬ ውስጥ አስገብቼ የሃምፕደንን መንገድ ይዤ በረርኩ። መንገዱ በረዶና ጭቃ ነው። ዋይፐሩ መስታወቱን መጥረግ አልቻለም፤ እኔ ደግሞ በደስታ እግሬ ነዳጁ ላይ ተጣብቋል።

«ቀስ በይ እንጂ!» ጮኹ እትዬ መዲና። «አንዴ ተርፌያለሁ፣ ሁለተኛ አይደገምም!»

ፓርክ አድርጌ እትዬ መዲናን አስከትዬ ደረጃውን እየሮጥኩ ወጣሁ። ለዘሃራ ኩሽና ውስጥ ሹክ ስላት «አባዬ አይሰማሽም» አለች። እውነቷን ነው።

እንግዳዋ ስለ አሰብ የሚነግሯቸው ነገር እንዳለ ስገልጽላቸው፣ «የባሕር ወሬ ከሆነ ይቅርብኝ» አሉ አባባ ኑሩ። «እንግዳዋ ሻይ ትጠጣና ትሂድ።»

እትዬ መዲና አልተቀመጡም። «የአባትዎ የግራ ጆሮ ጫፉ የጎደለ ነበር?»

አባባ ኑሩ ሳያስቡት የራሳቸውን ጆሮ ያዙ። «ግመል ነክሶት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «አንቺ በምን አወቅሽ?»

እትዬ መዲና ሁሉንም ነገሯቸው፤ ሽንኩርቱን፣ ጥምጣሙን፣ በርሜሉን። መጨረሻ ላይ አባባ ኑሩ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ሲዋኝ አይተነዋል አሉ። ወዴት ነበር የሚዋኘው?»

«ወደ ሰዎቹ። ሴቶቹ ወደሚጮሁበት። አንዷን አምጥተው በርሜሉን አስያዟት፤ እጇ ዝሎ ለቀቀች። እንደገና ሄዱ። ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም።»

አባባ ኑሩ ብድግ ብለው ስልኩን አነሱ። ጅቡቲ ያለችው እህታቸው ጋ ነው የደወሉት፤ እዚያ ሌሊት ነው። እንደዚያ ሲጮኹ ሰምቻቸው አላውቅም።

«ከድጃ! ተነሺ! ተነሺ እንጂ! አባታችን አልሸሸም! ወደ ሰዎቹ ነው የዋኘው፣ ትሰሚያለሽ? ወደ ሰዎቹ!»

ፊት ለፊት ያለው ጎረቤት ደንግጦ በሩን ከፈተ። እኔና ዘሃራ ተቃቅፈን ስንዘል የታችኛው ፎቅ ሰዎች ጣራቸውን በመጥረጊያ እንጨት ደበደቡ። እትዬ መዲና እያለቀሱ ይስቁ ነበር።

አሁን አባባ ኑሩም እትዬ መዲናም የሉም። አሰብ ላይ ምናልባት ታሪኩ ዛሬም እንደ ድሮው ይወራ ይሆናል፤ ሽንኩርትና ፍየል ከሙሽራ ጋር ተወዳድሮ የት ይደርሳል? አፈ ታሪክ ሲጣፍጥ የሚመረው ማንን እንደሆነ ግን፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ሳልጠይቅ አላልፍም።

ዘሃራ ከዓመታት በኋላ ግሪን ቫሊ ራንች የሚባል ሰፈር ቤት ገዝታ ወንድ ልጅ ስትወልድ በናኾዳው ስም ዑመር አለችው። አባቷ ናቸው ስሙን ያወጡት። ዑመር ዛሬ ቁመቱ በር የሚሞላ ጎረምሳ ነው፤ በየሰመሩ፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ አሮራ ውስጥ አንድ መዋኛ ገንዳ ላይ ለትንንሽ ልጆች ዋና ያስተምራል። ልጆቹ «ኮች ኦማር» ይሉታል።