የቴስታ ሚስት

በጭንቅላት የምትመታ ኳስ ቴስታ ትባላለች። ሰውየውም ቴስታ ይባላል፤ በዘመኑ ከግንባሩ የወጣች ኳስ መረብ ሳትነካ ስለማትመለስ ስሟን አውርሳው ቀረች። ለብሔራዊ ቡድን በተሰለፈባቸው ዓመታት፣ ከባሕር ማዶ የመጡ ተከላካዮች ሳይቀሩ እሱን ያዩ እንደሆነ እርስ በርስ ይጠቃቀሱ ነበር አሉ። ዛሬ ከፀጉር አስተካካዩ ሱቅ በላይ ባለችው ቤት፣ መስኮት ሥር ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ወለሉ ላይ የወደቀ መርፌ በማግኔት እየለቀመ ቆርቆሮ ውስጥ ይከታል።

መርፌው የሚስቱ ነው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፣ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ማግኔቷን የሰጠችው እጁ ሥራ ሲፈታ ሲጨነቅ አይታ ነው። ሥራውንም አጥብቆ ያዘው። ብቻ የሰው ቤት የተቀጠረ መስሎት፣ ማታ ማታ ቆርቆሮውን ከእነ መርፌው እያስረከባት፣ «ነገም ልምጣ?» ይላታል። «ና» ትለዋለች፤ ሌላ ምን ትበል።

የዚያን ጊዜ ኳስ ከቆዳ የተሠራች ነበረች፤ ዝናብ ሲመታት ውሃ ጠጥታ ድንጋይ ትሆናለች። የመርሳት ሕመሙን የመረመረው ሐኪም ደግ ሰው ነበርና ቃሉን መርጦ ነው የነገራት። «ኳሷ ናት ብዬ አልምልም፤ አይደለችም ለማለትም አልደፍርም» አላት። መጀመሪያ ቁልፍ ጠፋው፣ ቀጥሎ መንገድ ጠፋው። አንድ ጠዋት ደግሞ ብርድ ልብሱን ስታጣጥፍ ቀና ብሎ አያትና፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ፣ ይህ የማን ቤት ነው?» አላት።

ያድርጉልኝ፣ ይዝጉልኝ፣ ያቀብሉኝ። ዕድሜ ልኩን «አንቺ» ሲላት የኖረ ሰው አንቱ አላት። እሷን የጎዳት መረሳቱ ብቻ አይደለም፤ አክብሮቱ ነው። ቢቆጣት፣ ቢያመናጭቃት ደስ ባላት። ከሁለት ሰዎች መካከል «አንቺ» ስትጠፋ አብሯት የሚጠፋው ስንት ነገር ነው! የአልጋው ሙቀት፣ ኩርፊያው፣ የእርቁ ሳቅ፣ ሌላ ሰው የማይገባው የዓይን ጥቅሻ፤ ሁሉም በዚያች ቃል ውስጥ ተጠቅልሎ ኖሯል። አንዲት ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ አንቺ ቢላት ከሕይወት የምትፈልገው ሌላ ነገር አልነበራትም።

የሬዲዮው ጋዜጠኛ የመጣው በዚህ መካከል ነው። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የዓለምን ታላላቅ ተጫዋቾች ሕይወት የሚተርክ ፕሮግራም አለው። «የሁሉንም ተረክን፤ ጋሼን ካልጨመርን ግን የነገሥታቱ ወንበር ጎዶሎ ነው» አላት፣ የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ።

«እሱ እንደምታየው ነው ልጄ። መሳቂያ አላደርገውም» አለችው።

«እሱን አናስቸግርም። የድሮ የጨዋታ ቅጂ አለን፤ የስታዲየሙ ጩኸት ሳይቀር አለ።»

ጩኸት ሲል ቀና አለች። ሐኪሙ የጥንት ድምፅ አንዳንዴ የተዘጋ ይከፍታል ብሏት ነበር። «ጩኸቱን ታስገባዋለህ?»

«እንዴታ!»

«እንግዲያው ይሁን። ጠይቀኝ።»

መቅረጫ መሣሪያውን ከልብስ ስፌት መኪናዋ አጠገብ አስቀመጠና፣ «ለመሆኑ የዝላዩ ምሥጢር ምን ነበር?» አላት።

«እኔ ምን አውቃለሁ። እዚህ ቤት ስንገባ በሩ አጭር ነበር፤ ጎንበስ ማለት እስኪለምድ መቃኑን በግንባሩ ሲመታው ከረመ። በሩን ማሳደግ የሚፈልግ ነበር የሚመስለው።»

ጋዜጠኛው ከልቡ ሳቀ። እሷም ወሬው ጣማትና ብዙ አወራችው። ከጨዋታ በፊት እንቅልፍ እንደማይወስደው፣ ማታ ራሱን ሲያመው በእርጥብ ጨርቅ ይዛው እንደምታድር፣ አውሮፕላን ስለሚፈራ በሄደበት አገር ሁሉ ከክር ማጠንጠኛዎቿ አንዱን ኪሱ ይዞ እንደሚሄድ ነገረችው። አንገቱን እየነቀነቀ ሰማት።

እሑድ ደረሰና ባሏን ይዛ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ወረደች። ፀጉር አስተካካዩ ጨዋታ የማያልቅበት ሰው ነው፤ ፎጣውን ባሏ አንገት ላይ እያሰረ፣ «ቴስታ ዛሬ በሬዲዮ ሊወጣ ነው ይባላል። ሰምተሃል?» አለው።

«እኔም ሲወራ ሰማሁ» አለ ባሏ። «እሱን ግን አይቼው አላውቅም። ጥሩ ሰው ነው?»

ፀጉር አስተካካዩ ቀልዱ አፉ ላይ ቀረ። «በጣም ጥሩ ሰው ነው ወንድሜ» አለና ምላጩን መሳል ጀመረ።

ወደ ቤት መልሳው ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች፤ ሰዓቱ ሲደርስ ሬዲዮኑን ከፈተች። ተራኪው በሚያምር ድምፅ ከልደቱ ጀመረ፤ ከሠፈር ቡድን ወደ ፋብሪካው ክለብ፣ ከክለቡ ወደ ብሔራዊ ቡድን ወሰደው። ከዚያም ስታዲየሙ ተነሣ። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ግማሹ ዛሬ አፈር የሆነ፣ ከትንሿ ሳጥን ውስጥ በአንድ ድምፅ ጮኸ። ባሏ አንገቱን ቀና አደረገ። እግሯ የመኪናው ፔዳል ላይ ደርቆ ቀረ።

«ሰው በዛ» አለ። «እባክዎ መስኮቱን ይዝጉልኝ።»

ተነሥታ ዘጋችው።

ትረካው ቀጠለ። ጎሎቹ ተቆጠሩ፣ ዋንጫዎቹ ተጠሩ። የበሩ መቃን ወሬዋ «የቅርብ ሰዎቹ እንደሚሉት» ተብላ አለፈች፤ እርጥቡ ጨርቅና ክሩ የሉም። ጋዜጠኛው ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም። የታላላቅ ሰዎች ታሪክ እንዲህ ነው የሚተረከው፤ ሰውየው ከሜዳ ወደ ሜዳ ይዘላል፣ በመሐል ያደረበት ቤት የለውም። ልብስ ሰፊዋም አልተቀየመችም። ተስፋ ከቆረጠ ሰው ዘንድ ለቅያሜ የሚሆን ቦታ አይገኝም። ጨርቋን ወደ መርፌው መለሰች።

«አንድ እንቆቅልሽ አለ» አለ ተራኪው። «ምንጊዜም ዘጠኝ ቁጥር የሚለብሰው ቴስታ፣ አንድ የውጭ ቡድን በገጠመበት ዕለት ስድስት ለብሶ ገባ። ባለሙያዎች እንደሚሉት፣ አሠልጣኙ ተጋጣሚን ለማሳሳት የሸረበው ረቂቅ ስልት ነበር።»

«ውሸቱን ነው» አለ ባሏ።

መኪናዋን አቆመች። «ምኑ?»

«ምን ስልት አለ፤ ዘጠኟ ተገልብጣ ነው። ያኔ ማሊያው ያለ ቁጥር መጥቶ ልብስ ሰፊ ቤት ነበር ቁጥሩ የሚሰፋበት። አንዲት ልጅ፣ ገና ሥራ የያዘች፣ ቸኩላ ገለበጠቻት። ማሊያውን ልታደርስ መጥታ መልበሻ ክፍሉ በር ላይ ስታለቅስ አገኘኋት። አለቃዋ ቢሰማ ያባርራታል። ለአሠልጣኙ፣ ስድስት ይሁንልኝ ያልኩት እኔ ነኝ አልኩት። ሰደበኝ። ለበስኩና ገባሁ።»

እኔ አለ። ስለዚያ ሰው ሲያወራ እኔ አለ። ይህን ነገር ከሁለት ሰው በቀር የሚያውቅ በምድር ላይ አልነበረም፤ ለጋዜጠኛውም አልነገረችውም።

«ልጅቷን ምን አልካት?» አለችው፣ ድምፅዋ እንዳያመልጣት እየተጠነቀቀች።

«‹አንቺ፣ ተይ አታልቅሺ፣ ሲገለበጥም ያምራል› አልኳት። ሳቀች። ኋላ አገባኋት።»

አንቺ። ቃሏ ከነጣዕሟ፣ ከነጉርምስና ድምፁ መጣች፤ መጥታም በጎኗ አልፋ ወደዚያች ልጅ ሄደች። ልብስ ሰፊዋ መነጽሯን አወለቀች። ፊቷን ወደ ብርሃኑ አስጠግታ፣ እጇን ጉልበቱ ላይ አኖረች። እሱ እጇን አይቶ፣ ቀስ ብሎ አነሣና ወደ ራሷ ጉልበት መለሰላት፤ ሚስት ያለው ጨዋ ሰው እንደሚያደርገው።

«እትዬ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይህን ለማንም እንዳይነግሩብኝ። ልጅቷ ታፍራለች።»

«አልናገርም» አለችው።

«በሉ ልሂድ። ቤት ብቻዋን ናት።» ተነሣ። እንዲህ ቀጥ ብሎ ከቆመ ቆይቷል።

ኮቱን አመጣችለት፤ ቁልፎቹንም ቆለፈችለት። «መንገዱ ይጠፋብሃል፤ ልሸኝህ።»

ጥቂት አሰበ። «ባለቤትዎ አይቆጡም?»

«አይቆጣም።»

ሬዲዮኑ ስለሚቀጥለው እሑድ ንጉሥ ማውራት ጀምሮ ነበር። ሳታጠፋው በሩን ዘጋች፤ ወደ ማን እንደሚሄድ እያወቀች፣ የት እንደምታደርሰው ሳታውቅ ክንዱን ይዛው ወጣች።