የሚጣ ልዩ ምልክት

የሰፈሩ ሰው «ሜትሩ» ነው የሚለው። መለኪያ ሜትር ከአንገቱ ወርዶ ስለማያውቅ የወጣለት ስም እናት አባቱ ያወጡለትን አስረሳ። የልብስ ስፌት ሱቁ አንዲት ጠባብ በር ናት፤ ማሽን፣ ካውያ፣ ሚስማር ላይ የተንጠለጠሉ ያላለቁ ቀሚሶች። ቀልደኛ ነበር። ወፈር ያለች ደንበኛ ስትመጣ «ወይ አንቺ ቀንሺ፣ ወይ እኔ ጨርቅ ልጨምር» ይልና ራሷን ያስቃታል።

ታናሽ እህቱ ሚጣ ሰው አገር በቤት ሠራተኝነት ሄዳ ድምጿ ከጠፋ ወዲህ ግን ቀልዱም ጠፋ። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች አዝሎ ያሳደጋት እሱ ነው። የላካት ኤጀንሲ ዘንድ ቢመላለስ «ከአሠሪዎቿ ቤት ጠፍታለች፤ ከዚህ በኋላ እኛን አይመለከተንም» አሉት። እህል እንቢ አለው። ደንበኛ ወገብ እየለካ ቁጥሩ ይጠፋበትና እንደገና ይለካል።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ከውጭ አገር ስልክ ተደወለ። የሴት ድምፅ ነው፤ እንግሊዝኛ። የእሱ እንግሊዝኛ ዚፕ፣ ሳይዝና ሞዴል ላይ ያበቃል። ከዚያ ሁሉ ንግግር የያዘው «ሲስተር»፣ «ሆስፒታል» የሚሉትንና ሴትዮዋ ደጋግማ የጠየቀችውን አንድ ቃል ነው። «የስ፣ የስ» እያለ፣ ስልኩን ሳይዘጋ፣ አጠገቡ ወዳለው ፋርማሲ ሮጠ።

«እህቴ፣ ዲቴይልስ ማለት ምንድን ነው?»

«ዝርዝር ማለት ነው፣ ጋሼ። ምነው፣ ላብ በላብ ሆንክ?» አለች ፋርማሲስቷ። ስልኩን አስጨበጣት።

አዳመጠች፤ ፊቷ ተለወጠ። «ነርስ ናት። መታወቂያ የሌላት ሴት ወድቃ አምጥተውላቸዋል። ልብሷ ውስጥ ያንተን ቁጥር አግኝተው ነው። እህትህ መሆኗን ለማረጋገጥ መልኳን ንገረኝ ትላለች።»

«ጠይም ናት በያት። ቆንጆ ናት። ሳቂታ ናት።»

ፋርማሲስቷ ተረጎመች፤ አዳመጠች፤ ራሷን ነቀነቀች። «ስፔሲፊክ ይሁን ነው የምትለው። ለይቶ የሚያሳውቅ፣ የሷ ብቻ የሆነ ነገር። ጠይምማ ስንቷ አለች፣ ጋሼ!»

ሜትሩ ጭንቅላቱን ያዘ። አቅፎ ያሳደጋት ልጅ መልክ ድንገት ጭጋግ ሆነበት። ጠባሳ አላት? ማርያም የሳመቻት ቦታ? መድኃኒት ሊገዙ የመጡት ሰዎች ዞረው ያዩታል።

«እጇ!» ብሎ ጮኸ። «ቀኝ እጇ ከግራው ያጥራል። ልጅ ሆና ተሰብራ ጠማማ ሆኖ ነው የገጠመው። የቀኝ እጅጌዋን ምንጊዜም አሳጥሬ ነው የምሰፋላት!»

ነርሷ ልታይ ሄደች። እስካሁን «ምነው በተገኘችልኝ» ሲል የኖረው ሰው፣ አሁን ባንኮኒውን ጨብጦ «እሷ አትሁን፤ አምላኬ፣ እባክህ እሷ አትሁን» ይል ጀመር።

ነርሷ ተመለሰች። ፋርማሲስቷ ስትሰማ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ናት፣ ጋሼ።»

«ምን ሆነች? አንዱንም እንዳትደብቂኝ!»

«ከፎቅ ነው የወደቀችው። እንዴት እንደወደቀች የሚያውቅ የለም። በሕይወት አለች፤ ግን ራሷን አታውቅም።»

«ስልኩን ጆሮዋ ላይ ታድርግልኝ፤ ለምኚልኝ።»

አደረገችለት። ሰው ሁሉ እየሰማው «ሚጣዬ፣ እኔ ነኝ። አይዞሽ፣ የኔ እናት፤ መጣሁልሽ» አለ። የሚሄድበት ፓስፖርት እንኳ አልነበረውም። ከወዲያ የተመለሰለት የሆስፒታሉ ማሽን ጢጥታ ብቻ ነው።

ሚጣ ከብዙ ወራት በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር መጣች። እግሮቿ አይታዘዙም፤ ንግግሯም ጥቂት ነው። በዚያ ቤት ምን እንደደረሰባት ጠይቋት ነበር፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዳግመኛ አልጠየቃትም። ሱቁን ዘግቶ ማሽኑን ከአልጋዋ አጠገብ ተከለ፤ እየሰፋ ያጎርሳታል፣ እየሰፋ ያገላብጣታል። ጎረቤት «እንኳን በሕይወት መጣችልህ» ይለዋል። «እሱስ ነው» ይላል። በር በኃይል በተንኳኳ ቁጥር ግን ልጅቱ ተሸማቃ የወንድሟን ልብስ ጭምድድ አድርጋ ትይዛለች፤ እሱም ማሽኑን አቁሞ፣ እስክትለቀው ድረስ እንደተቀመጠ ይቆያል።