የትኛውን ፍሎር?

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከትምህርት ቤት ፊቷን አጥቁራ ገባች። ክፍላቸው የዓለም መንግሥታትን ጉባኤ በጨዋታ መልክ ሊያካሂድ ነው፤ አገር በዕጣ ሲከፋፈሉ ለእሷ አንዲት ኢምንት አገር ደረሰቻት። ርዕሱ የኒውክሌር መሣሪያ ነው። "ማሚ፣ ኢትስ ሶ አንፌር! ማንም አይሰማኝም እኮ" ብላ ቦርሳዋን ሶፋው ላይ ወረወረች። ሳቄ መጣ። ስስቅ ስታየኝ የባሰ ተናደደች። ምን ታድርግ፣ እናቷ በሃያ ዓመቷ የዚያው ዕጣ ባለቤት እንደነበረች አታውቅም።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ከአገር ቤት ወጥቼ እዚህ በመጣሁ ሰሞን ነው። ጠዋት ጠዋት ፒዮሪያ ስትሪት አጠገብ ባለ ሆቴል ክፍል አጸዳለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ኮሌጅ እማራለሁ። ነርስ ለመሆን ቋምጬ ነበር። ነርሲንግ ለመግባት የግድ ከማልፋቸው ኮርሶች አንዱ ስለ ዓለም ፖለቲካ ነበር፤ ቁስል ከማጠብ ጋር ምን እንዳገናኘው ዛሬም አልገባኝም። መምህራችን ቀጭን፣ ሳቂታ ሴትዮ ነበረች። እኛም እንደ ልጄ ክፍል አገር በዕጣ ተከፋፍለን ስለ ኒውክሌር መሣሪያ ጉባኤ ልናካሂድ ነበር፤ በጉባኤው ላይ ያልተናገረ አያልፍም አለችን። እኔ ደግሞ ከጥር ጀምሮ በዚያ ክፍል ትንፍሽ ብዬ አላውቅም።

የደረሰችኝ አገር በትልቁ ውቅያኖስ መሃል ያለች፣ ካርታው ላይ ስሟ ከመሬቷ የሚሰፋ ደሴት ናት። ላይብረሪ ገብቼ ሳነብ፣ ለካ በዚያ ባሕር ላይ ትላልቆቹ አገሮች ቦምባቸውን ሲሞክሩ ኖረዋል። ዓሣቸውን አጥምደው ከመብላት በቀር ማንንም ያልነኩ ሰዎች! አንጀቴን በሉት። ሳላውቀው ወገኖቼ ሆኑ።

ጉባኤው የሁለት ቀን ነበር። በመጀመሪያው ቀን ቦምብ ያላቸው አገሮች ቀድመው ተናገሩ። ብራያን የሚባል ቀይ ጸጉራም ልጅ አንዱን ኃያል አገር ወክሎ ብቻውን ግማሽ ሰዓት ፈጀ፤ የሌላቸው አገሮች ቦምብ እንዳይሠሩ አጥብቆ መከረ። ሰዓቱ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው መምህሯ ወደ እኔ ዞራ "ዩ ሃቭ ዘ ፍሎር" አለችኝ። ተራው ያንቺ ነው፣ ተናገሪ ማለቷ ነበር። እኔ ግን ይህን ቃል በየጠዋቱ የምሰማው ከሆቴሉ ሱፐርቫይዘር ነው፤ እዚያ ትርጉሙ የምታጸጂው ፎቅ ይህ ነው ማለት ነው። አፌ እንደለመደው "የትኛውን ፍሎር?" አልኩ።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሳቁ ሳያባራ ሰዓቱ አለቀ፤ እኔም ደሴቴም ሳንናገር ቀረን።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ሆቴሉ ምድር ቤት፣ አንሶላ ማጠቢያው ክፍል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አቶ ጌጡ እዚያ ነበር የሚሠሩት። አገር ቤት የወረዳ ፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩ፣ አንሶላ ሲያጥፉ እንኳ ማኅተም የሚመቱ የሚመስሉ ሰው ናቸው። ሁዳዴ ስለነበር የሽሮ ፍርፍራቸውን ማይክሮዌቭ ውስጥ አሙቀው ግማሹን ወደ እኔ ገፉልኝ።

"አሁን ይሄ ያስለቅሳል?" አሉ ነገሩን ስነግራቸው።

"ዝም ብል ይሻለኛል አቶ ጌጡ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ?"

"ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራልም ይባላል። ለመሆኑ ማነው መጀመሪያ የሚናገረው?"

"ትላልቆቹ።"

ሹካቸውን አስቀመጡ። "ታዲያ ይሄ ምኑ ጉባኤ ነው! በድሮው ችሎት እኮ ፍርድ የሚሰጠው ከታች ተጀምሮ ነው። ትንሹ ይቀድማል፣ ትልቁ መጨረሻ ይናገራል። አባቴ ሲያወሩ እሰማ ነበር።"

"ለምን?"

"ትልቁ ከተናገረ በኋላማ ማን ደፍሮ ሌላ ይላል? በይ ብዪ፣ ሳይበርድ።"

በሁለተኛው የጉባኤ ቀን የመጋቢት በረዶ ወርዶ ነበር፤ ያ ጠዋት ጉልበት ድረስ ተቆልሎ ከሰዓት በኋላ ጭቃ የሚሆነው። ጫማዬ እንደራሰ ገባሁና ማንም ሳይጀምር እጄን አወጣሁ። በአገሬ ችሎት ትንሹ ይቀድማል፣ ዛሬም እንደዚያ ይሁን አልኩ። ብራያን "ብዙ የምንናገረው ያለን እኮ እኛ ነን" ብሎ ተቃወመ። መምህሯ ግን ነገሩ ጣማት፤ "እንሞክረው" አለች።

ቆምኩ። ስለ ደሴቲቱ የጻፍኩትን ወረቀት ባየው ባየው ፊደሉ አልታይ አለኝ፤ ከአፌ የወጣው የቤቴ ነገር ሆነ።

"የምኖረው ግሌንዴል፣ አፓርታማ ውስጥ ነው" አልኩ። "ላይኛው ፎቅ ያለው ሰውዬ ድስት ባሳረረ ቁጥር ደወል ይጮኻል፤ ሁላችንም በነጠላ ጫማ ወጥተን በረዶ ላይ እንቆማለን። ደሴቴም እንደዚያ ናት፤ ሳትጥድ ጭሱ ይደርሳታል። ሰውዬው ደግሞ 'ምድጃ አደገኛ ነውና እንዳትገዢ' ይለኛል። እሺ፣ አልገዛም። ያንተ ምድጃስ መቼ ነው የሚጠፋው? ቀኑን ንገረኝ።"

ማንም አልሳቀም። ብራያን ተራው ሲደርስ ተነሣ። "እናጠፋለን፤ ሁኔታው ሲመቻች" አለ።

"ቀኑን ነው የጠየቅሁህ።"

ጆሮው እንደ ጸጉሩ ቀላ። መምህሯ ሰሌዳው ላይ "ቀን" ብላ ጻፈችና ከጎኑ ባዶ መስመር አሰመረች። እስከ መጨረሻው ማንም አልሞላውም። ኮርሱን አለፍኩ፣ ነርስም ሆንኩ። አቶ ጌጡ ሲሰሙ "አየሽ!" አሉና አንሶላቸውን ማጠፍ ቀጠሉ።

ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኳት። ፍሎሩ ላይ ስደርስ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ታሪኩ ሲያልቅ ቦርሳዋን ከሶፋው ላይ አነሣች።

"ሶ፣ ቀኑን ነገሩሽ?"

"አልነገሩኝም። አንቺም እሱኑ ጠይቂያቸው።"

"እኔንም ባይነግሩኝስ?"

"ያንቺ ልጅ ትጠይቃቸዋለች" አልኳት፣ ለጨዋታ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ግን ደነገጥኩ። ልጄ ደብተሯን ገልጣ መጻፍ ጀምራ ነበር፤ ፊቴን እንዳታይብኝ ወደ ኩሽና ገባሁና የጣድኩትን ድስት አወረድኩ።