ያልጠየቁት ምሕረት

የስማዳው ደምሌ ፈሪ ሰው ነበር፤ ይህን እሱም አይክድም። የጭቃ ሹሙን ድምፅ በሩቅ ሲሰማ ምንም ሳያጠፋ መንገድ ይቀይራል። በእርሻ ግን የሚያማው አልነበረም። ዝናብ በከዳበት በዚያ ዓመት ከሹምም ከጅብም በላይ ያስፈራው ከጎታው ሥር የቀረችው ጥቂት የዘር ገብስ ነበረች። ከተበላች ለከርሞ የሚዘራ የለም፤ ካልተበላች ሁለቱ ልጆቹ ክረምቱን አያዩም።

የወረዳው ገዥ ወገዳ ገበያ ላይ ሕዝብ እየሰበሰቡ፣ "እህል ይመጣል፤ ታገሡ፤ ማረሳችሁንም አታቋርጡ" ይላሉ። በኅዳር አሉ፤ በጥር ደገሙት። በመጋቢት ሲሰልሱት የደምሌ አንዱ በሬ ሞቶ ነበር። ለገበሬ ትዕግሥት የሚሰብክ ሰው ምን ይሉታል? ገበሬ እኮ ዘር አፈር ላይ በትኖ ወራት ሙሉ ሰማይ ሰማይ ሲያይ የሚኖር ፍጡር ነው።

መንደሩ መከረና ለሚያዝያው ስብሰባ ደምሌን ላከ። ፈሪ ሰው ክፉ ቃል አያመልጠውም ብለው ነው።

"አንተ ብቻ እህሉ መቼ እንደሚመጣ ጠይቅ፤ እኛ ከኋላህ ነን" አለው ጎረቤቱ አንዳርጌ።

ሚስቱ አሰለፈች ደግሞ፣ "እህል ከሰጡ ዘሩን አልነካውም። ካልሰጡ እቆላዋለሁ" አለችው።

በአገሩ ወግ ድንጋይ ተሸክሞ የሚለምን የበደለ ሰው ነው። ደምሌ ግን በባዶ ማጅራት ገዥ ፊት መቅረብ ፈራ። ድንጋይ ካየ የማይራራ የለም ብሎ አሰበ። ከመንገድ ዳር አንዱን አንሥቶ ማጅራቱ ላይ ጫነ፤ ጋቢውን አደግድጎ ገዥው እግር ሥር ተደፋ።



"ምን አጥፍተህ ነው?" አሉ ገዥው።

ለደምሌ ከጎን የቆሙት ዘበኞች ጠመንጃ ብቻ ታየው። "ጌታዬ፣ እህሉ ዘገየብንና..."

"አሃ፣ አጉረመረማችሁ።" ገዥው ፈገግ አሉ። "ድንጋዩን አውርዱለት። ጨዋ ሰው ነው፤ ጥፋቱን አውቆ መጥቷል። ለእሱ ስል ሁላችሁንም ምሬአችኋለሁ። በሉ ታገሡ፤ ማረሳችሁንም አታቋርጡ።"

ምሕረት ሲደረግ እጅ መንሣት ወግ ነው። ሕዝቡ እጅ ነሣ። ከኋላህ ነን ያለው አንዳርጌም ነሣ፣ ያውም ከሁሉ ቀድሞ። ደምሌ የእህሉን ነገር ሊደግም አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን "እግዜር ይስጥልኝ" ነበር።

ወደ ቤቱ አዘገመ። አሁን ከገዥው ይልቅ የገዛ ቤቱ ደጃፍ አስፈራው።

"ምን ሰጡህ?" አለች አሰለፈች።

"ምሕረት አደረጉልን።"

"ምን አጥፍተን?"

መልሱን ሳትጠብቅ ወደ ጎታው ጎንበስ አለች። ገብሱ እሳት ላይ መንጣጣት ሲጀምር ልጆቹ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቁ። አባት ሳይቀምስ አይበላምና ትንሿ ልጅ እፍኟን ሞልታ ወደ አፉ ዘረጋችለት።

ደምሌ አኘከ። ሰኔ ሲገባ ምን እንደሚዘራ እያሰበ፣ እየፈራ፣ አኘከ።