የሐሙስ ዳዊት

በእኛ መንደር ከይግዛው የበለጠ መንፈሳዊ ሰው የለም። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ ራሱ ይግዛው ነው።

በልጅነቱ ቤተ ልሔም ወደሚባለው የድጓ ደብር ወርዶ ዳዊት ደግሟል። ጾመ ድጓ የሚባለውን ዜማ ሲጀምር ግን ትምህርቱ ከበደውና ወደ ሞፈሩ ተመለሰ። ተመልሶም እንደ ማናችንም ገብስ ይዘራል፣ በሬ ይጠምዳል። ልዩነቱ ዳዊቱን በማኅደሩ አንግቶ አውድማ ድረስ መውጣቱ ነው። ላም የሞተችበት ሰው ቤት ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ» ይልና የቀረበለትን ጠላ ጠጥቶ ይሄዳል። በረዶ የሰው አዝመራ ሲመታ ስለ ኢዮብ ትዕግሥት ይነግረናል። የራሱን ሲመታበት ግን ኢዮብን ትቶ ንፋስ መውጫ ግብርና ጽሕፈት ቤት ይሄዳል። የበሩ መዝጊያ ላይ ልጁ ዮርዳኖስ ከትምህርት ቤት በተረፈ ሰማያዊ ቀለም «እግዚአብሔር ፍቅር ነው» ብላ ጽፋለታለች። ቀለሙ «ፍቅር» ላይ ስላለቀ «ነው» የተጻፈው በከሰል ነው።

ይህ ፍቅር ከበሩ ይነሣና አጥሩ ላይ ያልቃል። ከአጥሩ ማዶ ዳኘው አለ።

ዳኘው ባዳ አይደለም፤ የይግዛው ታላቅ እህት የውዴ ባል ነው። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ይግዛውን አዝላ ያሳደገችው ውዴ ናት፤ ቤተ ልሔም ሳለም ስንቁን የምታደርስለት እሷ ነበረች። ሁለቱ አማቾች እንደ ወንድማማች ኖሩ። ከዚያ ዳኘው ወሰኑ ላይ ባሕር ዛፍ ተከለ። ባሕር ዛፍ ደግሞ የጎረቤትን ውኃ ሳያስፈቅድ ይጠጣል። የይግዛው ገብስ በዚያ በኩል ቢጫ ሆኖ ቀረ። ንቀለው ቢለው ዳኘው «የተከልሁትን አልነቅልም» አለ። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተቀመጠ፤ ሁለት ጊዜም ጠላውን ጠጥቶ ተነሣ። ቀበሌም ገቡ፣ ተካሰሱ። ይግዛው ድሮ ዳኘውን አንቱ ይለው ነበር፤ ዛፉ ከፍ እያለ ሲሄድ ዳኘው ወደ አንተ ወረደ።

የተበደለ ሰው መጽናኛ ይፈልጋል፤ ይግዛውም መጽናኛውን በቅዱስ መጽሐፍ አገኘ። ዳዊት በሰባቱ ቀን ተከፍሎ ነው የሚደገመው። በሐሙስ ድርሻ ውስጥ መቶ ስምንተኛው መዝሙር አለ። ቅዱስ ዳዊት ክፉ ያደረገበትን ሰው ለእግዚአብሔር የከሰሰበት ነው፦ ዘመኑ ይጠር፣ ሹመቱን ሌላ ይውሰድበት፣ ልጆቹ ድሀ አደግ ይሁኑ፣ ሚስቱ መበለት ትሁን ይላል። መዝሙሩ ሦስት ሺህ ዓመት ያህል ዳኘውን ሲጠብቅ የኖረ መሰለው። ሐሙስ ሲነጋ ይግዛው ደጃፉ ላይ ይቆምና ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ በግእዝ ያወርደዋል። እግዚአብሔር ሰው እንዳይሳሳት ብሎም መሐል መሐል ላይ የዳኘውን የክርስትና ስም፣ ገብረ ኪዳንን፣ ይጨምርበታል። የክርስትና ስም ለማንም አይነገርም፤ ይግዛው ግን የቤት ሰው ስለሆነ ያውቀዋል። ዘመድ ለዚህም ይጠቅማል።

ምስጢሩን ያወቅሁት እኔ ብቻ ነበርሁ፤ ግእዝ ስለማውቅ ሳይሆን ይግዛው ደስታውን ብቻውን መያዝ ስላቃተው ነው።

«ዳኘው ምን ሹመት አለውና ነው ሌላ የሚወስድበት?» አልሁት።

«የእድሩ ጡሩምባ ነፊ አይደለም?» አለኝ።

«ሚስቱ መበለት ትሁን የሚለውስ? ሚስቱ እኮ እህትህ ናት።»

«እሱን እዘለዋለሁ።»

ለአንድ መሥመር ሲል ቅዱስ ዳዊትን አርሞታል። የሰውየው ዘመን አጥሮ ሚስቱ መበለት የማትሆንበትን መንገድ ንገረኝ ብለው «ያንን እሱ ያውቃል» ብሎ ወደ ሰማይ አሳየኝ። ሦስት ዓመት እንዲህ ተጽናና። ሐሙስ ሐሙስ የፊቱ ወዝ ይመለሳል፣ ምሳውም በደንብ ይበላለታል።

ኅዳር ላይ፣ ገብሱ ደርሶ ማጭድ ሲጠብቅ፣ አንድ ረፋድ የውዴ ጩኸት ተሰማ። ስንደርስ ዳኘው ከባሕር ዛፉ ሥር ወድቋል። ጭኑ ተሰብሮ እግሩ ወደማይሆን አቅጣጫ ዞሯል፤ ትንፋሹም ይቆራረጣል። መጥረቢያው እዚያው ዛፉ ላይ እንደተሰካ ነው። ይግዛው አጥሩን ዘሎ መጣ፣ አየ፣ ቀና ብሎም ወደ ሰማይ ተመለከተ። እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ ፊቱ ላይ ያየሁት ክስ የተፈረደለት ሰው ፊት ነበር። ያኔ ውዴ የባሏን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ «ይግዛው፣ ሞተብኝ» አለችው። የይግዛው ደም ከፊቱ ሲሸሽ አየሁት። ሦስት ዓመት የዘለላት መሥመር ፊቱ ተቀምጣ ነበር።

ዳኘውን በቃሬዛ አደረግነው። እስከ አስፋልቱ ድረስ ሰው ትከሻ እየተቀያየረ ነው የሚሸከመው፤ ይግዛው ግን አልቀየርም አለ። ቁልቁለቱንም ዳገቱንም እሱ ከፊት ነበር። ልቀቅ ብንለው አይሰማም። መኪና ላይ ጭነን ንፋስ መውጫ ሆስፒታል ከሸኘነው በኋላ ትከሻው ተልጦ ደም አርጥቦት ነበር። ያን ቀን ሳቄ ጠፋብኝ፤ አሳዘነኝ።

በማግሥቱ ወደ ንስሐ አባቱ ቄስ ወልደማርያም ሲሄድ ብቻዬን አፍራለሁ ብሎ እኔንም ይዞኝ ሄደ።

«አባ፣ የተደገመ ዳዊት ይመለሳል?» አላቸው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለውን ሳይሰማ ያደገ አይደለም፤ ግን ጨነቀው። ነገሩን ሁሉ ነገራቸው። ቄሱ ጢማቸውን እየዳበሱ ሰሙት።

«ሦስት ዓመት ሙሉ?»

«ሐሙስ ሐሙስ።»

«አንተን የሚሰማ ቢሆን ኖሮ ዛፉን ባደረቀልህና በተገላገልን። ዛፍ ላይ የወጣ ሰው ይወድቃል፤ እግዚአብሔርን የቂምህ ሎሌ አታድርገው» አሉት። ይግዛው ሊነሣ ሲል ግን እጁን ያዙት። «አልጨረስሁም። ገብሱን እጨድለት። ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠህ ዳዊት ድገምለት። ያደረግኸውንም በአፍህ ንገረው።»

«አባ፣ ሦስተኛዋን በስግደት አይለውጡልኝም?»

«ጉልበትህ ምን በደለ? የበደለው አፍህ ነው።»

ዳኘው እግሩ በጄሶ ታስሮ ተመለሰ። ሐኪሞቹ ይተርፋል ብለዋል፤ ይግዛው ግን ሐኪም ስለ መቶ ስምንተኛው መዝሙር ምን ያውቃል እያለ አላመነም። ጎህ ሳይቀድ ማጭዱን ይዞ የዳኘው ማሳ ላይ ይገኛል። የራሱ ገብስ ይርገፍ ብሎ ትቶታል። መንደሩም ተገረመ፤ «ይኼ ነው ክርስቲያን!» ተባለ። ምስጋናው በመጣ ቁጥር አንገቱ ወደ ትከሻው ይገባል። ገብሱን ማጨድ ቀሎታል፣ ዳዊቱም ቀሎታል፤ ሦስተኛዋን ግን ከዛሬ ነገ ይላታል። ዳኘው ቢሰማና ዳግመኛ ደጄን አትርገጥ ቢለው፣ ከዳኘው ጋር እህቱንም ማጣቱ ነው። ሌላ እናት የለውም።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ እኔም በሽተኛ ልጠይቅ ሄጄ መደቡ ላይ ተቀምጫለሁ። ውዴ ጓዳ ናት። ይግዛው ከአልጋው ሥር ሆኖ እግዚአብሔር እረኛዬ ነው የሚለውን መዝሙር በለሆሳስ ይደግማል። ዳኘው ዓይኑን ገለጠ።

«ይቺን ተዋት። የሐሙሷን ድገምልኝ።»

ይግዛው ዳዊቱን ዘጋ።

«ያቺን ደጃፍህ ላይ የምትላትን። ከአጥሩ ማዶ እሰማህ አልነበር? ግእዙ አይገባኝም፤ ስሜን ስትጠራ ግን እሰማለሁ። ገብረ ኪዳን፣ ገብረ ኪዳን ስትል። እኔ ቀበሌ ለቀበሌ ስከስህ አንተ በጸሎት ታስበኛለህ። መጀመሪያ አላመንሁም። በኋላ ግን ሐሙስ ሲደርስ ከአልጋዬ ላይ ሆኜ መጠበቅ ጀመርሁ። ከቶ ለእኔ ማን ዳዊት ደግሞልኝ ያውቃል?» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ሆዴን በላኝ፣ ይግዛው። ለዛፍ ብዬ እንዲህ ካለ ሰው ጋር አልቃቃርም፣ እቆርጠዋለሁ አልሁ። እንዳለ ብጥለው ገብስህ ላይ ነው የሚወድቅ፤ ቅርንጫፉን አስቀድሜ ልመልምል ብዬ ወጣሁ።»

እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። እዚህ ላይ ብልህ ሰው ቢሆን ዝም ይላል። በሽተኛው ተጽናንቷል፣ ዛፉ ሊቆረጥ ነው፣ መንደሩም መስክሮለታል። አንድ «አሜን» ብሎ መነሣት ነበር የቀረው። እኔ ብሆን እነሣ ነበር።

ይግዛው ግን ተንበረከከ።

«እሱ ጸሎት አልነበረም» አለ። «በአማርኛ ልንገርዎት።»

አንቱታው ተመልሷል። መዝሙሩን ከላይ ጀምሮ፣ መሥመር በመሥመር፣ በአማርኛ አወረደለት። ዘመንዎ ይጠር፣ ጡሩምባዎን ሌላ ይንፋው ብዬ ነው አለው። ልጆችዎ ድሀ አደግ ይሁኑ ብዬ ነው አለው። ሚስቱ መበለት ትሁን የምትለዋ ላይ ሲደርስ ቆመ፣ እሷንም ግን አላስቀራትም። «ይቺን እዘልላት ነበር፤ ግን ያው ነው» አለ።

ዳኘው ጣራውን እያየ ቆየ። ገፍቶ ያስወጣዋል ብዬ ለመገላገል ተዘጋጀሁ።

«ሐሙስ ሐሙስ?» አለ በመጨረሻ።

«ሐሙስ ሐሙስ።»

«እኔም ከአልጋዬ ሆኜ አሜን እል ነበር እኮ።»

መጀመሪያ የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር። ደረቱ ሲርገፈገፍ ሳየው እየሳቀ ነው፤ የተሰበረ አጥንቱን በእጁ ደግፎ እንባው እስኪወርድ ይስቃል። «አታስቀኝ፣ እግሬን ያመኛል» ይለዋል፤ ይግዛው ግን ግንባሩን ፍራሹ ላይ ደፍቶ ያለቅሳል እንጂ አላሳቀውም። ዳኘው እጁን ዘርግቶ አናቱ ላይ አኖረለትና ድምፁን ቀነሰ፦

«ውዴ እንዳትሰማ። ትገድልሃለች።»

ውዴ ከጓዳ ወጣች። በእጇ ምሳ ይዛለች። የጓዳው መጋረጃ ስስ ጨርቅ ነው፤ መቼም ከኋላው ሆና ያልሰማችው ነገር የለም። ትሪውን በሁለቱ መካከል አስቀመጠች። ይግዛው ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም። «እታለም» አላት። እሷ እንጀራውን ቆርሳ በሽሮ አጠቀሰች፣ በአውራ ጣቷ ገፋ አድርጋ ጠቀለለችና ወደ አፉ አስጠጋች። ይግዛው አፉን መክፈት አቃተው።

«ጉረስ» አለችው። «ነገ የምታጭደው ገብስ አለ።»